የሩቅ አገር ወንፈል

ጭድ የገባበት ጭቃ የራሱ ሽታ አለው። ውሃ ጠጥቶ፣ ተረግጦ፣ ተገላብጦ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ጎምዘዝ ያለ፣ ለብቅል የቀረበ ሽታ ይሰጣል። ያን ጊዜ ለምርጊት ደርሷል ማለት ነው። ሳይበስል የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የበሰለው ግን ማገሩን አቅፎ ይይዛል።

እናቴ ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ላይ ከዋናው ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ስትቀጥል የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ ተርፏል። የቅሬው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው የመረዳጃ ማኅበር ሰዎች ፀሐይ ሳትወጣ መጡ። ቋሚው ቀድሞ ተተክሏል፣ ማገሩም ተመትቷል፤ የቀረው ምርጊቱ ብቻ ነው። እኛ ልጆች ሱሪያችንን እስከ ጉልበታችን ሰብስበን ጭቃውን እንረግጣለን፤ ትልልቆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ግድግዳውን ተከፋፍለውታል። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ይቆማል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጭቃቸውን በማገሩ መካከል ይገፋሉ፤ የውስጡ ከውጩ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ይጫኑታል። መዳፍና መዳፍ በጭቃው ውስጥ ይገፋፋሉ። አንደኛው ከሰነፈ ግድግዳው እዚያ ላይ ጎድጉዶ ይቀራልና ሰው ከማን ጋር እንደሚመርግ ይመርጣል። ጓዳ ውስጥ የማሽላ እንጀራ ይጋገራል። መጠጡ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቅሬው ክርስቲያኑም እስላሙም ስለሆነ ጠላው በአንድ ማሰሮ፣ ቃሪቦው በሌላ ማሰሮ ቀርቧል። ማታ ላይ ክፍሏ ግድግዳ አወጣች። ሳንቲም የተቀበለ ሰው አልነበረም።

እናቴ ግን ቆጥራለች። ማን እንደመጣ፣ ማን ልጁን እንደላከ፣ ማን ታሞ እንደቀረ በቃሏ ይዛዋለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የእነዚያ ሰዎች ቤት ሲመረግ ወይም ጤፋቸው ሲታጨድ ታላቅ ወንድሜን፣ አለዚያም እኔን ትልክ ነበር። «የእነሱ ቀን አለብን» ትላለች። ደቦና ወንፈል በአፍ ይቀላቀላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በደቦ ባለቤቱ አብልቶ አጠጥቶ ያሠራል፤ በወንፈል ግን የተሠራልህን ቀን በቀንህ ትመልሳለህ። የእናቴ ክፍል በደቦ ተጀምራ በወንፈል ነው ያለቀችው።

ይህን ያነሣሁት ከመርሳ እጅግ ስለሚርቅ አገር ለመናገር ነው። ከደቡብ ኮሪያ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ። ቤት የሚሠራ አለ፣ ትምህርት ቤት የሚጠግን አለ፣ ሐኪምና መምህር ሆኖ የሚያገለግል አለ። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ያቋቋመው ኮይካ የተባለው የትብብር ድርጅት ከሥራዎቹ አንዱ በጎ ፈቃደኞችን መላክ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያም ልኳል። ቤት በመሥራት ደግሞ በዓለም ላይ ስሙ የታወቀው ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በኢትዮጵያ ይሠራል፤ በኮሪያም የራሱ ቅርንጫፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከሺዎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ኮሪያ ሄደው አሳን በተባለችው ከተማና በሌሎችም ቦታዎች መዶሻ ይዘው ለድሆች ቤት ሠርተዋል። ያን ጊዜ ኮሪያ ከሀብታሞቹ ተራ ገብታ ነበር። እንዲያም ሆኖ ቤት የሌለው ዜጋ እንዳላት አልደበቀችም፤ የውጭ ሰው መጥቶ ቢያግዛት አላፈረችም።

መርሳ ላይ ይህን ብትናገር መጀመሪያ የሚመጣብህ ጥያቄ «ለምን?» የሚል ነው። ሰው ለምን የራሱን ወጪ ችሎ የማያውቀውን ሰው ቤት ሊሠራ ይሄዳል? ጥያቄው የየዋህ አይደለም። የሀብሩ ልጅ ባሕር ማዶ መሄድን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በሌላ መንገድ ነው። ከዚህ ወረዳ ስንቱ ወጣት በደላላ እጅ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ በታንኳ ወደ የመን ተሻግሮ ሳዑዲ ገብቷል። የደረሰው የሰው በግ ጠብቋል፣ የሰው ቤት ጠርጓል፣ የሰው ፎቅ ሲገነባ ሲሚንቶ ተሸክሟል። በላከው ብር መርሳና ገጠሩ ላይ ብሎኬት ቤት ተሠርቷል፣ ቆርቆሮ ተመትቷል። ያልደረሰው በረሃና ባሕር በልቶታል። እናቱ ዛሬም በር በርን የምታይ አለች። ባሕር ማዶና ቤት የሚሉት ሁለት ቃላት በእኛ አገር ሲገናኙ የሚያስታውሱት ይህንን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ኮሪያውያንም በዚሁ መንገድ ማለፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ወጣቶቻቸውን ለማዕድን ቁፋሮ፣ ቀጥሎም ሴቶቻቸውን ለነርስነት ወደ ምዕራብ ጀርመን ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ የሀብሩ ልጅ ዛሬ ወደሚሰደድበት ወደዚያው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1976 ህዩንዳይ የጁቤልን የኢንዱስትሪ ወደብ የመገንባት ሥራ አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ኮሪያዊ ሠራተኛ በገፍ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ጎረፈ። ፀሐዩም አሸዋውም ያው ነበር። የተለየው አካሄዱ ነው። እነሱ በኩባንያና በውል ሄደው፣ የሚመራቸው መሐንዲስ ከራሳቸው ሆኖ፣ ከደመወዙ ጋር ሙያውንና የሥራ ሥርዓቱን ይዘው ተመለሱ። የእኛ ልጅ በሌሊት በደላላ ይሄዳል፤ ብር ይልካል እንጂ ሙያ ይዞ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። ጉልበቱም ድፍረቱም ሞልቶለታል፤ የጎደለው የሚያደራጀው ነው። ይህ በመንግሥትም በእኛም ላይ ያለ ዕዳ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ወንፈሉ ልመለስ። በእኛና በኮሪያ መካከል ቀኑን ቀድሞ ያበደረ ማነው? እኛ ነን።

በሰኔ 1942 ዓ.ም. የኮሪያ ጦርነት ሲነሣ የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ አቀረበ። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከችው ብቸኛ አገር ኢትዮጵያ ናት። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው፣ በራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም የተጠራው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ቡሳን ወደብ ደረሰ። ሻለቆቹ እየተተካኩ ከስድስት ሺህ በላይ ወታደር ኮሪያን ረገጠ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም አልተማረከም። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ደጋግሞ መነገር ሲገባው ሳይነገር የቀረው የሚከተለው ነው።

በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ተኩስ ሲቆም ከሴኡል በስተሰሜን ባለችው ዶንግዱቾን ከተማ ወላጅ ያጡ ልጆች በየፍርስራሹ ይንከራተቱ ነበር። የኢትዮጵያ ወታደሮች በዚያው ዓመት ቦህዋ የተባለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቋሙ። ከደመወዛቸው እያዋጡ፣ ከስንቃቸው እያካፈሉ አበሏቸው፣ አለበሷቸው። እንዲህ እንዲያደርጉ ያዘዛቸው የጦር ሕግ የለም። ወታደሩ የተላከው ሊተኩስ ነው፤ ተኩሱ ሲያበቃ ግን ከዚያው መንደር ተቀምጦ የሰው ልጅ አሳደገ። ስለ በጎ ፈቃድና ስለ ባሕር ማዶ ቤት ሲወራ እኛ በተቀባይ ወንበር ላይ ብቻ የተቀመጥን ከመሰለን ይህን ዘንግተናል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሄዱት ልጆች ራሳቸው ከጭቃ ቤት የወጡ ነበሩ።

የኮሪያ ሰዎች ይህን አልረሱም። ግንቦት 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኮሪያን ሲጎበኙ ቹንቾን በተባለች ከተማ ለኢትዮጵያውያን የቆመውን ሐውልት መረቁ። ከሐውልቱ አጠገብ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቡና ቤት ተከፈተ፤ ስሙም «ኢትዮጵያ ቤት» ነው። እዚያ አገር በኮሪያ ፊደል ተጽፎ በኮሪያውያን አፍ የሚነገር «ቤት» የሚል አማርኛ አለ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ እዚያው ሰፈር የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ተሠራ። ጣራው የሣር ጎጆን ቅርጽ የያዘ ነው፤ ሾጣጣ ክዳኖቹ ከሩቅ ሲታዩ የገጠራችንን መንደር ያስታውሳሉ። እኛ የምናፍርበትን፣ «ኋላ ቀር» እያልን የምናፈርሰውን ጎጆ እነሱ ለክብራችን ምልክት አድርገው አቆሙት። ይህን ሳስብ ዐይኔ እንባ ያቀርራል።

እኛ ግን ለእነዚያ ዘማቾች ምን አደረግንላቸው? ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት በያዘበት ዘመን «ኮሪያ ዘምቻለሁ» ማለት የሚያስፎክር መሆኑ ቀርቶ የሚያስፈራ ሆነ። ዘማቾች አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር እየተባለ በሚጠራው ቦታ በድህነት ኖሩ። ኋላ ላይ ኮሪያውያን ሲመጡ ፈልገው ያገኟቸው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኮሪያ ሆስፒታል እያልን የምንጠራው የሚዩንግሱንግ ሆስፒታል ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤልጂና ኮይካ በጋራ የሙያ ኮሌጅ አቋቋሙ፣ የዘማች ልጆችና የልጅ ልጆችም ተማሩበት። አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆመ። ወንፈሉ ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የተመለሰው በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ነው። ክቡር ዘበኛ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተውጣጣ ጦር ነበር፤ የምላሹ ቀን ግን ወደየገጠሩ እምብዛም አልወረደም።

የበጎ ፈቃድ ጉዞ ሁለተኛው ገጽታ ባህል ማየት ነው። የእኛ ወጣት ዛሬ ኮሪያን የሚያውቀው በስልኩ በሚያየው ድራማና በሚሰማው ዘፈን ነው። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ድራማው የሚያሳየው ሴኡልን፣ ፎቁንና ልብሱን ነው። የኮሪያን ገጠር የሚያውቅ ሰው ቢነግራቸው የሀብሩ ልጆች ራሳቸውን ያገኙበት ነበር።

የቀድሞው የኮሪያ ገበሬ ቤት ከእንጨት፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ነው። ጭዱ የሩዝ ነው፤ ክዳኑም የሩዝ አገዳ። አገሩ ብርዳም ስለሆነ ወለሉ ሥር መተላለፊያ አለው። ኩሽና ውስጥ የሚነደው እሳት ጭሱና ሙቀቱ በዚያ በድንጋይ ንጣፍ ሥር ያልፋል፤ ወለሉ ይሞቃል፣ ቤተሰቡም ጫማውን አውልቆ እዚያው ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ እዚያው ላይ ይተኛል። ኦንዶል ይሉታል። አንድ ማገዶ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ምግብ ያበስላል፣ ቤት ያሞቃል። የደላንታና የመቄት ደጋ ሰው በሐምሌ ብርድ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?

የሩዝ ችግኝ የማዛወሪያ ወቅት ሲደርስ መንደሩ በሙሉ ከበሮ እየመታ አብሮ ይወጣ ነበር፤ ይህንን ዱሬ ይሉታል። ቁርጥ የእኛ ደቦ ነው። ጎረቤትና ጎረቤት ቀን ተበዳድሮ የሚሠራበት ደግሞ ፑማሺ ይባላል። ይህኛውን እናቴ ብትሰማ ወንፈል ነው ትል ነበር። ገንዘብ አዋጥተው በተራ የሚደርሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ግዬ ይባላል፤ ዕቁብ ነው። ክረምታቸው ከመግባቱ በፊት ሴቶች ተሰብስበው ጎመኑን በጨውና በበርበሬ እያሹ ኪምቺ ያዘጋጃሉ፤ ያዘጋጁትን ለሌለው ያካፍላሉ። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2013 የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ መዝግቦላቸዋል። እኛ ሰፈር በርበሬ ሲቀነጠስና ሲደለዝ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። በርበሬው ራሱ ለሁለታችንም እንግዳ ነበር፤ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ነው ወደ እነሱም ወደ እኛም የደረሰው።

ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲሰጡም ሲቀበሉም በሁለት እጅ ነው፤ ወይም ቀኙን በግራ እጃቸው ደግፈው። ማዕድ ላይ ትልቁ ሰው ማንኪያውን ሳያነሣ ትንሹ አይጀምርም። ሥጋና ሩዝ በቅጠል ጠቅልለው የሚወዱትን ሰው ያጎርሳሉ። አንድ ሰው ብቻውን ቢኖር እንኳ «ቤቴ» አይልም፤ «ኡሪ ጂብ» ይላል፣ ቤታችን እንደማለት። እኛም «እኛ ቤት» የምንለው ለዚህ አይደል? ዘፈናቸው አሪራንግ በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው፤ ከእኛ ደቡብ ያለው ተራራ ስሙን የሰጠው የአምባሰል ቅኝትም አምስት ድምፅ ነው። ከወሎ የሄደ ልጅ አሪራንግን በመጀመሪያ ሲሰማው እንግዳ አይሆንበትም።

ስለዚህ የመርሳ ልጅ ኮሪያ ቢሄድ፣ የኮሪያ ልጅም መርሳ ቢመጣ ሁለቱ የሚተዋወቁት በሥራ ላይ ነው። ባህል በኤግዚቢሽንና በአልባሳት ትርዒት ይታያል እንጂ አይታወቅም። ሰው አብሮ ሲመርግ ነው የሚታወቀው።

ከኮሪያ ልምድ ለቤት ጉዳይ የሚጠቅመን ትልቁ ነገር አንድ የሲሚንቶ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ሴማኡል ኡንዶንግ (የአዲስ መንደር ንቅናቄ) የተባለውን ዘመቻ ጀመሩ። መንግሥት ከ33,000 ለሚበልጡ መንደሮች ለእያንዳንዳቸው 335 ከረጢት ሲሚንቶ በነጻ ሰጠ። ግዴታው አንድ ነው፤ ሲሚንቶው ለግል አይከፋፈልም፣ መንደሩ ተሰብስቦ በመረጠው የጋራ ሥራ ላይ ይውላል። መንገድ ያሰፋ አለ፣ ጉድጓድ የገነባ አለ፣ የልብስ ማጠቢያ የሠራ አለ። ዝም ብሎ ያስቀመጠውም ነበር። ውጤቱ በዓመቱ ታየ። በጥሩ ሁኔታ የሠሩት ወደ 16,600 የሚጠጉ መንደሮች ሁለተኛ ዙር 500 ከረጢት ሲሚንቶና አንድ ቶን ብረት ተጨመረላቸው። ያልሠራው መንደር አልተጨመረለትም። ከዚያ በኋላ የቀሩት መንደሮች ቅናት ይዟቸው ተነሡ።

ይህን ሳደንቅ ሌላውን ገጽ አልደብቅም። ፓርክ በመፈንቅለ መንግሥት የመጡ ወታደር ነበሩ፤ ንቅናቄው ከላይ በትእዛዝ የሚገፋ ነበር፣ የሚቃወም ሰው ቦታ አልነበረውም። የሣር ክዳን ሁሉ እንዲነሣ ግፊት ተደረገ፤ በቦታው በብዛት የገባው ክዳን አስቤስቶስ የተባለ ለሳንባ አደገኛ ነገር ያለበት ነበር። ኮሪያ ዛሬ ያን ክዳን ከየገጠሩ ቤት ለማንሣት ገንዘብ ታወጣለች። ለእኛ ትምህርቱ ሁለት ነው። መንደሩ በራሱ እጅ ሲሠራ ጥቂት ሲሚንቶ ብዙ ያስገኛል፤ ለቤት የሚገባውን ዕቃ የማይኖርበት ሰው ሲመርጥለት ደግሞ ዕዳው ለልጅ ይተርፋል። መርሳ ላይ በሚያዝያ ሙቀት ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀትር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን አስረዱኝ አይልም።

ወደ ዛሬው የሰሜን ወሎ ጉዳይ ልምጣ፤ ይህ ሁሉ ወሬ ለዚያ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ ጦርነት ውስጥ ገቡ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በዚያው ቆዩ። ቤት ተቃጠለ፣ ተዘረፈ፣ በር መስኮቱ ተነቅሎ ሄደ። በዚሁ በሀብሩ ጃራ መጠለያ ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች በሸራ ውስጥ ክረምትና በጋ አሳልፈዋል። ሰላሙ እስከ ዛሬ አልጸናም። ከሴኡል ተነሥቶ መርሳ ላይ ጭቃ የሚረግጥ በጎ ፈቃደኛ በዚህ ጊዜ አይመጣም፤ ልምጣ ቢልም አገሩ አይፈቅድለትም።

ወሎ የውጭ እጅን ከመጥፎ ቀን ጋር ነው የሚያውቀው። በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ የመጡት ሰዎች ነፍስ አትርፈዋል፤ ለዚህ ምስጋናችን አያልቅም። ነገር ግን የእርዳታ ስንዴ ሰልፍ ያስይዛል። ሰልፍ ላይ አንዱ ሰጪ ነው፣ ሌላው ተቀባይ፤ ዐይን ለዐይን አይተያዩም። ቤት መሥራት ሌላ ነው። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ቆሞ የሚገፋው ነገር ነው። ስለዚህ ሰላም ወርዶ በጎ ፈቃደኛው የሚመጣበት ቀን ሲደርስ እንዴት እንደምንቀበለው ከአሁኑ መወሰን አለብን።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አንድ የማያውቅ ወጣት ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚሠራው ግድግዳ የእኛ አናጢና ግንበኛ በሁለት ቀን ከሚሠራው አይሻልም፤ ለአውሮፕላን ቲኬት የከፈለው ገንዘብም ለብዙ ጣራ የሚበቃ ቆርቆሮ ይገዛ ነበር። ሰውየው ፎቶ ሊነሣ ብቻ ከመጣ ገንዘቡን ቢልክ ይሻላል። ከቅሬው ዳኛ ሥር ሆኖ፣ ቤቱ ለማን እንደሚገባ ቅሬው መርጦ፣ የአገሩ አናጢ ደመወዙን አግኝቶ እየመራው፣ ምስማሩም እንጨቱም ከመርሳ ገበያ ተገዝቶ፣ ባለቤትየዋም በላቧ ገብታበት ከሆነ ግን ወጣቱ እንኳን ደህና መጣ። ሀቢታት ራሱ ከመጀመሪያው የያዘው መርሕ ቤት የሚያገኘው ቤተሰብ በጉልበቱ እንዲሠራና ወጪውን በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፍል ነው። የእኛ አባቶች ይህን ያለ መርሕ ጽሑፍ ያውቁት ነበር። እንዲያ የሠራ እንግዳ ወደ አገሩ የሚመለሰው የአንድ ሰፈር ቀን አበድሮ ነው፤ ወይም የአያቶቻችንን ቀን መልሶ። ከእኛም አንድ ሁለት ልጆች በደላላ ሳይሆን በፓስፖርትና በግብዣ እነሱ አገር ሄደው ለወራት ሙያ ተምረው፣ እነሱ ቤት በልተው፣ ለእነሱ ሠርተው መምጣት አለባቸው። ሁልጊዜ መቀበል ብቻ ከሆነ ወንፈል አይባልም።

እስከዚያው ግን የቆመ ሰው እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። በየክረምቱ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ እናያለን። ጥሩ ነው። ነገር ግን ካሜራና ባነር ባለበት ቀን ተጀምሮ ግማሽ ላይ የቀረ ቤትም አይተናል፤ በዝናብ ወር የተመረገ ግድግዳ እንዴት ሊደርቅ? የቤት ወር ክረምት አይደለም። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጭድ ሲተርፍ፣ ጭቃው በፀሐይ ሲደርቅ ነው። ይህን ከማንም ባለሙያ በላይ የሚያውቁት ቅሬዎች ናቸው። ጦርነቱ ያፈረሰውን ቤት ሁሉ መንግሥት ይሠራዋል ብለን ስንጠብቅ ዓመታት አለፉ፤ አንድ ቅሬ ግን በዓመት አንድ ቤት ማቆም አያቅተውም። ሀብሩ ላይ ስንት ቅሬ እንዳለ የየቀበሌው ሰው ይቁጠር።

የመርሳ፣ የግራና፣ የሲሪንቃ፣ የውርጌሳ የቅሬ ዳኞች ሆይ፤ በዚህ ታኅሣሥ ጭዱን ለከብት ከመከመራችሁ በፊት ለአንድ ቤት የሚበቃውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ቤቱ የማን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ።